በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሻንጣ

ኮሪን ሃልቨርሰን ያን እሑድ ጠዋት የነቃችው ፈርታ ነው። የምትፈራው ነገር ገና አልደረሰም፤ ይደርስ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ከታች ከወጥ ቤት ግን ሬዲዮው ያለ ዕረፍት ይለፈልፋል። ዛሬ የተጫዋቾች ዝውውር የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ውስጥ በግራ እጁ ኳስ የሚወረውር፣ ግራኝ ወርዋሪ የቸገራቸው ክለቦች አሉ፤ ዓይናቸው ካረፈባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ እዚሁ አዮዋ ውስጥ፣ ለኛው ለኬስተር ክለብ፣ ታችኛው ሊግ ላይ የሚወረውር አንድ ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌ የተባለው ዌንደል ታገርት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ። ሌላ ሥራ ላይ ቢሆን ገና ጎልማሳ ይባል ነበር፤ ቤዝቦል ግን ለዕድሜ አያዝንም፣ አብረውት የሚጫወቱት ልጆች “ጋሼ” ነው የሚሉት። ዕድሜውን በሙሉ ከክለብ ክለብ ሲንከራተት ኖሯል። ሁለት ጊዜ ዋናው ሊግ ደርሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወንበሩ ሳይሞቅለት መልሰውታል። ይሄ ሰው ዘንድሮ ከኮሪን መኝታ ቤት በታች ባለው ክፍል ነው የሚያድረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬስተር ውስጥ ሰፊ ቤት ያለው ሰው በየበጋው፣ ውድድሩ በመስከረም እስኪያልቅ፣ አንድ ተጫዋች ያሳድራል። የኮሪን እናት፣ የሟቹ የፍርድ ቤት ዳኛ ባለቤት ወይዘሮ ሃልቨርሰንም ወንዙን ቁልቁል በሚያየው ቤታቸው ልጆች ሲያሳድሩ ኖረዋል። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፤ “እናበላቸዋለን፣ እናጥብላቸዋለን፣ በመስከረም እንሸኛቸዋለን። ዓይን መጣል የለም።” ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው የቸኮሌት ወተት ገዝተው፣ አልጋው ላይ ሰማያዊ አንሶላ አንጥፈው ሲጠብቁ፣ ጢሙ ላይ ሽበት የወጣበት ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ተገተረ።

“ልጁ የታለ?” አሉት።

“ልጁ እኔ ነኝ፣ እመቤት።”

ኮሪን ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ ሳቋ አመለጣት። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ጣጣው ሁሉ የጀመረው ከዚያች ቀን ነው።

ያን እሑድ ቁርስ ላይ ዌንደል ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ መጣ። እንቁላሉን በቀኝ እጁ እየበላ፣ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደብቋል። የዚያ እጅ ነገር ለዚህ ቤት አዲስ አይደለም። ግራኝ ወርዋሪ ነውና ግራ እጁ እንጀራው ነው። ሻንጣ ቀርቶ የገበያ ከረጢት እንኳ አያነሳበትም። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ብዙ ጊዜ ተርበውታል፤ “ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳኛ ሆኖ የእርስዎን ክንድ ያህል አልተከበረም፣ ሚስተር ታገርት።” ሁልጊዜ አንቱ ነው የሚሉት። ይሄ አንቱታ አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ አጥር ነው።

“ሸሚዝህ ተዛንፏል” አለችው ኮሪን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“ቸኩዬ ነው።”

“እጅህን ምን ሆነህ ነው?”

“ምንም። ተኝቼበት ነው የደነዘዘው።”

“አንተ ደግሞ፣ በግራ ጎንህ አትተኛም እኮ።”

የወይዘሮ ሃልቨርሰን ቢላ ቅቤው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። “እንዴት አወቅሽ?”

ኮሪን እስከ ጆሮዋ ቀላች። “ራሱ ነግሮኝ ነዋ፣ እማዬ። ወርዋሪዎች በሚወረውሩበት ጎን አይተኙም።”

“እንደዚህ ያለውንም ትነጋገራላችሁ ማለት ነው” አሉ እናትየው፣ ቂጣውን ቀብተው ሲጨርሱ።

ወደ ስታዲየም ሊሄድ ሲል በረንዳው ላይ ተከትላው ወጣች። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንዙ ዳር አብረው ተቀምጠው ሳለ ያለችው ነገር እስካሁን ያቃጥላታል። “እኔ የሚሄድ ሰው አልወድም” ብላው ነበር። “ቁጭ ብዬ ስልክ አልጠብቅም፤ ከከተማ ከተማም አልከተልም። እንደዚያ ያለ ሕይወት እፈራለሁ።” ከዚያ ወዲህ ዝምታ አብዝቷል፤ እሷም ቀዝቅዞብኛል ብላ ደመደመች። ኩራት የሚባለው ነገር ባይኖር ኖሮ ያን ቃል መልሳ በዋጠችው ነበር።

“ኮሪን” አላት ደረጃው ላይ ቆሞ። “ከጨዋታው በኋላ የምነግርሽ ነገር አለ። ማንም ሳይሰማ መጀመሪያ አንቺ ነሽ የምትሰሚው።”

“አሁን ንገረኝ።”

“አሁን አልችልም። ከነገርኩሽ አልወረውርም።”

ከንፈሩ ፈገግ ሲል ዓይኑ አልተከተለውም። ቦርሳውን በቀኝ ትከሻው አንጠልጥሎ ቁልቁለቱን ወረደ። ኮሪን የበረንዳውን ቋሚ ተደግፋ ቀረች፤ ሊሰናበታት እንደሆነ ልቧ ነግሯታል።

ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ግጥም ብሎ ሞላ። የሐምሌ መጨረሻ ሙቀት ነው፤ ሰው ሁሉ በሎሚ ጭማቂና በበረዶ ነው የቆመው። እናትና ልጅ ከመቺው ጀርባ ባለው የዘወትር ቦታቸው ተቀመጡ። ከጎናቸው ቨርና አለች፣ ቲኬት ቆራጯ፣ ከተማው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት የምታውቅ ሴት።

“ዛሬ የኛ ጋሼ አይመለሱም ይላሉ” አለች፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች። “ስልኩ በማንኛውም ደቂቃ ነው የሚደወለው። እንግዲህ ዓይናችሁን የተጫዋቾቹ መቀመጫ ላይ አድርጉ። መተቃቀፍ ከጀመሩ አለቀ።”

ይሄን ኮሪን መማር አያስፈልጋትም። በዝውውሩ መዝጊያ ቀን አንድ ተጫዋች ሳይጎዳ ከሜዳ ከወጣ፣ ጓደኞቹም እየተነሱ ካቀፉት፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰውዬው ተጠርቷል። ሸሚዙ ሳይደርቅ አውሮፕላን ላይ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ስንቱን እንዲህ ሲሸኝ አይታለች፤ አንዱም ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

ዌንደል ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በዘዴ ነው ያለፋቸው። ፍጥነቱ ከሄደ ቆይቷል፤ የቀረው ተንኮል ነው። ኳሷ ዱላ የያዘው መቺ ዘንድ ስትደርስ ቁልቁል ትጠልቅበታለች፤ ልጆቹ አየር እየመቱ ይመለሳሉ። ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ኮሪን ግን ኳሷን አይደለም የምታየው። በየውርወራው መሃል ግራ እጁን ሱሪው ላይ ሲፈትግ፣ ጣቶቹን ሲዘረጋና ሲያጥፍ ታየዋለች። ጨዋታው እንዲያልቅ ትለምናለች፤ ደግሞ እንዳያልቅም ትለምናለች።

አምስተኛው ዙር ላይ ኳሷ ከእጁ አፈተለከች። ቀጥታ ወደ መቺው ራስ ነበር። ልጁ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ፤ የራስ ቁሩ ተስፈንጥሮ አቧራው ላይ ተንከባለለ። ኮሪን የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

ልጁ ተነሳ። ኳሷ ጆሮውን ታክካ ነው ያለፈችው፤ አልነካችውም። ዌንደል ግን ልጁ ቆሞ ሲራመድ እያየም ካለበት አልተነቃነቀም። ግራ እጁን ዘርግቶ ያየዋል።

አሠልጣኙ ሌስኮ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድመው ሽማግሌ፣ እየተጎተተ ጉብታው ላይ ወጣ። እንደ ደንቡ ሌላው ቡድን ከንፈራቸውን እንዳያነብ፣ ዌንደል በጓንቱ፣ አሠልጣኙ በባርኔጣው አፋቸውን ሸፍነው ተነጋገሩ። ቆዩ። አሠልጣኙ ባርኔጣውን አወረደ። አቀፈው።

የኮሪን ወሽመጥ ቁርጥ አለ።

“ይኸው!” አለች ቨርና፣ ኦቾሎኒዋን እየበተነች። “ስልኩ መጥቷል። ምን አልኳችሁ?”

ዌንደል አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ወረደ። ኳስ ያዡ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዱ ልጅ ትከሻው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ስታዲየሙ ይሄን ሲያይ በአንድ ላይ ብድግ አለ፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ለተጠራው ሰው ጭብጨባው አልቆም አለ። ወይዘሮ ሃልቨርሰንም ተነስተው፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው አጨበጨቡ። “እሰየው። ለዕድሜያቸው ጥሩ ዕድል ነው” አሉ።

ዌንደል ከመቀመጫው ጫፍ ብቅ ብሎ ወደ ላይ አየ። ዓይኑ በወንበሮቹ ላይ እየዘለለ እሷን ፈለጋት፤ አገኛት። ኮሪን ፊቷን አዞረች። መጀመሪያ አንቺ ነሽ የምትሰሚው ብሏት ነበር፤ ይኸው ከነቨርና እኩል ሰማች። ቦርሳዋን አነሳችና በሚያጨበጭበው ሰው መሃል እየተጋፋች ወጣች። እንባዋ የመጣው የመኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ነው።

አንድ ተጫዋች ሲጠራ ጊዜ የለም። የክለቡ መኪና ቤቱ በር ላይ ለአፍታ ቆሞ፣ ሻንጣውን አንስቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይበራል። ስለዚህ የኬስተር ሴቶች ወሬውን እንደ ሰሙ የልጁን ሻንጣ ያዘጋጁና ሳንድዊች ላዩ ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ያስቀምጡለታል። መርቀን ሸኘንህ ማለት ነው። ይሄን ያላደረገች ቤት ስሟ ይነሳል።

ኮሪን የዌንደል ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው እንደ ነገሩ ተነጥፏል፤ በአንድ እጅ የተነጠፈ ይመስላል። ይሄን አየችው፤ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበርና አላሰበችበትም። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አጠፈች። የጡንቻ ቅባቱ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፤ እስከ ዛሬ ሲሸታት ትስቅ ነበር፣ አሁን መስኮቱን ከፈተችው። ጠዋት ለቁርስ አዛንፎ የቆለፈው፣ ከመሄዱ በፊት ሳይፈታ አውልቆ የቀየረው ሸሚዝ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። አነሳችው፣ ቁልፎቹን ፈታ በየቦታቸው ቆለፈችው፣ ፊቷን ቀበረችበት።

“ሂድ” አለችው ለሸሚዙ። “ሂድ እንግዲህ። ማን ያዘህ።”

ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የአሳማ ጥብስ ሳንድዊች ሠራች፣ ሰናፍጭ አብዝታ፣ እሱ እንደሚወደው። በወረቀት ጠቀለለችውና ሻንጣው ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። ሽቅብ ወደ ክፍሏ ወጣች፣ መጋረጃው ጀርባ ቆመች። አታለቅስም፤ ወስናለች። እንደ ዳኛ ልጅ ቀጥ ብላ ትሸኘዋለች።

እናቷ ቀድመው ደረሱ። ሻንጣውን አይተው “ደግ አደረግሽ” አሉ ከታች። ደረጃውን ወጥተው የልጃቸውን ፊት አዩ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ፊት ነው፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይተውት አያውቁም፣ ፈሩም።

የክለቡ መኪና አልመጣም። ዌንደል በእግሩ ነው የመጣው፣ ዳገቱን፣ ፀጉሩ ገና ከነውሃው። የሚቸኩል አይመስልም። የበረንዳውን ደረጃ አንድ፣ ሁለት ብሎ ወጣና ሻንጣውን አየው።

ቆመ። ሳንድዊቹን አየ፣ የተዘጋውን በር አየ። ቀኝ እጁን ሊያንኳኳ አነሳና፣ በሩ ጋ ሳይደርስ መልሶ አወረደው። ኮሪን ላይ ሆና መጋረጃውን ጨብጣለች። አንኳኳ፣ ትላለች በልቧ። አንዴ ብቻ አንኳኳ።

አላንኳኳም። ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

በግራ እጁ።

ኮሪን መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ደግማ አየች። ያ ሰውዬ፣ የገበያ ከረጢት የማያነሳበትን፣ ሌሊት የማይተኛበትን፣ እንደ ብርጭቆ ሲጠብቀው የኖረውን እጅ፣ ሙሉ ሻንጣ አሸክሞ ደረጃውን ይወርዳል። ነገ የሚወረውር ሰው እንዲህ አያደርግም። ከነገ ወዲያ የሚወረውር ሰውም አያደርግም። የተዛነፈው ሸሚዝ፣ ጠረጴዛ ሥር የተደበቀው እጅ፣ ከእጁ ያፈተለከችው ኳስ፣ ትከሻው ላይ ያለቀሰው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። ክው ብላ ቀረች።

“እማዬ፣ አልተጠራም” አለች። “መጫወት አቁሟል። እኔ ደግሞ ሻንጣውን አወጣሁለት።”

እናቷን ዘላ፣ በባዶ እግሯ፣ ደረጃውን ወረደች። በሩን ስትከፍተው ዌንደል የግቢው መሃል ደርሷል። ያን ጊዜ የግራ እጁ ጣቶች ተላቀቁ፤ ሻንጣው ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። ዌንደል እጁን እያየ ቆመ።

“ዌንደል።”

ዞረ። “ሳንድዊቹን አየሁት” አላት። “አመሰግናለሁ። ሰናፍጩ ይሸታል።”

“ወዴት ነው የምትሄደው?”

“እንጃ። ሻንጣዬን አውጥተሽ ካስቀመጥሽ እንግዲህ ምን ልበል? ቤቱ የእናትሽ ነው፣ መብታችሁ ነው።”

“የተጠራህ መስሎኝ እኮ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቨርና፣ እማዬ…” ተንተባተበች። “ሲያቅፉህ አየሁ።”

ዌንደል ለአፍታ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን በቀኝ እጁ ሸፈነ፤ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አልለየላትም። “አዎ፣ እውነትሽን ነው። ዛሬ ቀኑ ያ ቀን ነው። ለኔ የሚጨበጨበው ማቆሜን አውቀው ደህና ሁን እያሉኝ መስሎኝ ነበር።”

“መጀመሪያ ለኔ ልትነግረኝ ቃል ገብተህ ነበር።”

“ልነግርሽ ነበር። ጨዋታውን ጨርሼ፣ በእግሬ መጥቼ፣ ‘ኮሪን፣ የሚሄድ ሰው አልወድም ብለሽኛል፣ ይኸው አልሄድም’ ልልሽ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱን ሳጠና ነው የከረምኩት። ግን ያ ልጅ ወደቀ። ኳሷ ስትወጣ አላወቅኳትም፣ ኮሪን። በእጄ ይዣት እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ አንድም ኳስ መወርወር አልቻልኩም። ገድዬው ነበር እኮ።”

“አልገደልከውም። ተነስቷል።”

“አሁንም ዓይኔ ላይ ወድቆ ነው ያለው።”

ኮሪን በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ቆማ ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው የሚሄድን ሰው ነበር። የሚቀር ሰው እንዲህ እንደሚያስፈራ ማን ነገራት?

“በመስከረም እዚህ ነኝ” አለ ዌንደል። “በጥቅምትም። ከልጅነቴ ጀምሮ መስከረም ሲመጣ ሻንጣ ከማሠር ሌላ ምንም አላውቅም። ምን እንደምሠራ አላውቅም፣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ። ይሄን ሰው ትፈልጊው እንደሆነ ጠይቂ ራስሽን፤ ወርዋሪው እኮ ቀረ።”

የበረንዳው በር ሲጥ አለ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ባርኔጣቸው ተንጋዶ ደፉ ላይ ቆመዋል። ሻንጣውን፣ ከዚያም የሰውዬውን እጅ አዩ።

“ዌንደል” አሉ። በስሙ ጠርተውት አያውቁም። “ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ ነው። ና ግባ አንተ። ደግሞ ሻንጣውን ተወው፣ በዚያ እጅህ እንዳታነሳው።” ይሄን ብለው፣ ሌላ የሚጨምሩት ቃል ስላስፈራቸው ይመስለኛል፣ ፊታቸውን መልሰው ገቡ።

ሁለቱ ሣሩ ላይ ቀሩ። ኮሪን ተጠጋችና ያን የተከበረ እጅ፣ ማንም እንዳይነካው ሲጠበቅ የኖረውን፣ በሁለት እጇ ያዘችው። ከባድ ነው፤ ቀዝቅዟል።

“ይሄ ይሰማሃል?” አለች፣ አውራ ጣቱን ጨብጣ።

“ይሰማኛል።”

“ይሄስ?”

“እሱም።”

“ይሄኛውስ?”

“እሱም ይሰማኛል፣ ትንሽ።”

ትንሿን ጣቱን ያዘች። አይሰማኝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከትንሿ ቀጥላ ያለችውን፣ የቀለበት ጣቱን፣ አጥብቃ ጨመቀችው፤ ዓይኑን እያየች ጨመቀችው።

“ምንም” አለ። ለመሳቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። “እሷ ከሞተች ቆየች። ቀለበት ቢያገቡባት እንኳ አላውቅም።”

“እኔ እነግርሃለሁ” አለች ኮሪን።

ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፈርታለች፤ እሱም ፊቱ አመድ መስሎ፣ የሰማውን ደግማ ትለው እንደሆነ ይጠብቃል። ደግማ አላለችውም። ጎንበስ ብላ ሻንጣውን በአንድ እጇ አነሳች፣ በሌላው የማይሰማውን ጣቱን እንደያዘች ወደ ቤት ይዛው ገባች።